የጦር ምርኮኞችን ደብዳቤ ማን መረመረው? የሳንሱር ማኅተሞችን የመለየት የሥራ ማስታወሻ

1ኛ ቀን

ዛሬ የተረከብሁትን የካርቶን ሳጥን ከፍቼ ይዘቱን ቆጠርሁ። በጠቅላላው 47 ናቸው፤ ከፊሎቹ ፖስት ካርዶች፣ ከፊሎቹ ታጥፈው የሚዘጉ የደብዳቤ ወረቀቶች፣ የቀሩት ተራ ፖስታዎች ሲሆኑ፣ ከአንድ ካርድ በስተቀር ሁሉም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወይም ከእሱ በኋላ የተጻፉ ናቸው። የሰበሰቧቸው ሰው ምንም ማብራሪያ አልተዉም። የእኔ ሥራ በእያንዳንዱ ላይ ያረፈውን የሳንሱር ምልክት ማን እንደመታው፣ የት እንደተመታ፣ ከሌሎቹ ምልክቶች ይቅደም ወይም ይከተል እንደሆነ ለይቶ መመዝገብ ነው። በማስታወሻው የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የምርኮኞቹንና የቤተሰቦቻቸውን ስም አልጽፍም፤ ደብዳቤዎቹ ለእኔ የተጻፉ አይደሉምና።

ከመጀመሬ በፊት ለራሴ ጥቂት ደንቦች አወጣሁ። በማናቸውም ወረቀት ላይ ውኃ አይነካም፤ ብዙዎቹ ማኅተሞች የተመቱበት ሐምራዊ ቀለም በጥቂት እርጥበት እንኳ ይፈሳል። በወረቀቶቹ ላይ በእርሳስም ቢሆን አልጽፍም፤ ቁጥራቸው የሚጻፈው በሚቀመጡበት የፕላስቲክ መያዣ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ነው። መሣሪያዎቼ አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር፣ በሚሊሜትር የተከፋፈለ ግልጽ ማስመሪያ፣ አልትራ ቫዮሌት መብራት፣ ከሥር ብርሃን የሚሰጥ ጠረጴዛና ስካነር ናቸው።

2ኛ ቀን

ሙሉውን ቀን የወሰደው ሳንሱር የሆነውን ሳንሱር ካልሆነው መለየት ነበር። ለጀማሪ ዓይን በምርኮኛ ደብዳቤ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የሳንሱር ምልክት ይመስላል፤ ነገር ግን ከምልክቶቹ አብዛኞቹ ሌላ ሥራ ነበራቸው። በጀርመን ካምፖች ወረቀቶች ላይ በትልልቅ ፊደላት የታተመው «ክሪግስገፋንገነንፖስት» ትርጉሙ «የጦር ምርኮኛ ፖስታ» ማለት ነው። ከአጠገቡ አልፎ አልፎ የሚገኘው «ገቡረንፍራይ» ደግሞ «ከክፍያ ነጻ» ማለት ነው። ሁለቱም ማንም ሰው ደብዳቤውን እንዳነበበ አይናገሩም፤ የሚናገሩት የመላኪያ መብቱን ብቻ ነው። ይህ መብት የተጻፈው ሐምሌ 27 ቀን 1929 በጄኔቫ በተፈረመው የጦር ምርኮኞች ስምምነት ሲሆን፣ የስምምነቱ 38ኛ አንቀጽ የምርኮኞችን ደብዳቤ በሚላክበትም፣ በሚያልፍበትም፣ በሚደርስበትም አገር ከፖስታ ክፍያ ነጻ ያደርገዋል። ቴምብር ያለበት የምርኮኛ ደብዳቤ ሲያጋጥመኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው የአየር መላኪያ ተከፍሎበት እንደሆነ ነው፤ በእንግሊዝና በጀርመን መካከል የምርኮኞች የአየር ፖስታ የሚተላለፈው ገለልተኛ በነበረችው በሊዝበን በኩል ነበር።

ሳንሱሩን ራሱን የሚመለከተው 40ኛው አንቀጽ ነው። አንቀጹ ሳንሱርን አይከለክልም፤ በተቻለ ፍጥነት ይፈጸም ነው የሚለው። ስለዚህ በፊቴ ያሉት ማኅተሞች በስውር የተደረገ ነገር አሻራዎች አይደሉም። ምርኮኛውም፣ እናቱም፣ ሚስቱም ቃላቸውን ሌላ ሰው እንደሚያነበው እያወቁ ነበር የሚጽፉት። ደብዳቤዎቹን በምመለከትበት ጊዜ ይህን አልረሳም።

በቀኑ መጨረሻ ሦስት ክምር አገኘሁ፦ የመብትና የአገልግሎት ጽሑፎች፣ የፖስታ ቤት የቀን ማኅተሞች፣ እውነተኛ የሳንሱር ምልክቶች። ከ47ቱ ውስጥ 41 ላይ ቢያንስ አንድ የሳንሱር ምልክት አለ። የቀሩትን 6 ለብቻ አስቀመጥኋቸው።

4ኛ ቀን

ከጀርመን ካምፖች የወጡትን ጀመርሁ፤ 26 ናቸው። እዚህ የምንፈልገው ቃል «ገፕሩፍት» ነው፤ «ተመርምሯል» ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ሙሉው ቃል፣ አንዳንድ ጊዜ «ገፕር.» የሚለው አጭር ቃል፣ ብዙውን ጊዜ በአራት ማዕዘን ክፈፍ ውስጥ፣ ከካምፑ ስምና ከአንድ ቁጥር ጋር ይመታል። ቁጥሩ የካምፑ ሳይሆን የመርማሪው ነው። አንድ መርማሪ ማኅተሙን ይዞ ይቀመጣል፣ ያነባል፣ ይመታል። ለዚህ ነው ቁጥሩን ከማንኛውም ነገር አስቀድሜ የምመዘግበው፤ በተለያዩ ደብዳቤዎች ላይ ያው ቁጥር በያው ክፈፍ ከተገኘ፣ ምናልባት ያው ሰው በያው ጠረጴዛ ላይ አንብቧቸዋል።

የካምፑ ስም የራሱ ሰዋስው አለው። «ስታላግ» ለተራ ወታደሮችና ለበታች ሹማምንት የተዘጋጀ ዋና ካምፕ ነው፤ «ኦፍላግ» የመኮንኖች፣ «ዱላግ» ምርኮኞች ወደ ቋሚ ቦታ ከመላካቸው በፊት የሚያልፉበት፣ «ኢላግ» በእስር የተያዙ ሲቪሎች የሚቀመጡበት፣ «ማርላግ» የባሕር ኃይል፣ «ስታላግ ሉፍት» የአየር ኃይል ምርኮኞች ካምፕ ነው። ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው የሮማውያን ቁጥር ካምፑ የሚገኝበትን ወታደራዊ አውራጃ ያመለክታል፤ 4 የድሬስደን፣ 7 የሙኒክ፣ 8 የብሬስላው፣ 18 የሳልዝበርግ፣ 20 የዳንዚግ አውራጃ ነው። የመጨረሻው ፊደል በአውራጃው ውስጥ ያሉትን ካምፖች ይለያል። በዚህ አነባበብ ማኅተሙ ግማሹ እንኳ ከደበዘዘ ቁጥሩ ብቻ ቦታውን በግምት ይሰጣል።

ከሰዓት በኋላ በአንድ ካርድ ላይ ብዙ ቆየሁ። ካርዱ አስቀድሞ የታተመ ጽሑፍ የያዘ ሲሆን፣ ምርኮኛው መማረኩን፣ ጤንነቱ ደኅና መሆኑን ወይም በጥቂቱ መቁሰሉን፣ በቅርቡ ወደ ሌላ ካምፕ እንደሚዛወርና አዲስ አድራሻ እስኪልክ ድረስ እንዳይጽፉለት ይነግራል። የስምምነቱ 36ኛ አንቀጽ ምርኮኛ ካምፕ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ከአንድ ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ለቤተሰቡ እንዲህ ያለ ካርድ እንዲልክ ያዛል። ይህ ሰው «በጥቂቱ ቆስያለሁ» የሚለውን መስመር በሁለት ደማቅ መስመሮች ሰርዞታል። ከስሙ በቀር በገዛ እጁ የጨመረው ነገር ይኸው ብቻ ነው።

5ኛ ቀን

በጀርመን ወረቀቶች ገጽ ላይ የሚያብረቀርቅ ልባስ አለ፤ ከጎን በተዘቀዘቀ ብርሃን ሲታይ ወለል ያለ ነጣ ያለ ቆዳ ይመስላል። ይህ ልባስ በማይታይ ቀለም የሚጻፍ ስውር መልእክትን ለማጋለጥ የተደረገ ነው፤ በላዩ ላይ ፈሳሽ ከነካው ምልክቱ ይቀራል። ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ቀን በ19ኛው ደብዳቤ ላይ ያየኋቸውን ሰማያዊና ቡናማ ሰፋፊ ጭረቶች «የኋላ ዘመን ጉዳት» ብዬ መዝግቤ ነበር። ዛሬ በአጉሊ መነጽር ስመለከታቸው ጭረቶቹ ከብሩሽ የተሳቡ፣ ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄዱና እርስ በርሳቸው ትይዩ ሆነው ተገኙ። መርማሪው በኬሚካል የነከረውን ብሩሽ ደብዳቤው ላይ አቋርጦ በመሳብ ስውር ጽሑፍ ፈልጓል ማለት ነው። ስለዚህ በቃል ያልተጻፈ፣ በማኅተም ያልተመታ ምልክትም የሳንሱር ምልክት ነው። ምዝገባውን አስተካከልሁ፤ «ጉዳት» የሚለውን ቃል ሰርዤ «የኬሚካል ምርመራ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያም ቀሪዎቹን 46 እንደገና ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፈተሽኋቸው፤ ሌሎች ሁለት ተገኙ።

7ኛ ቀን

ሁለት የደብዳቤ ወረቀቶች በማኅተማቸው ላይ ያው የካምፕ ስም አላቸው፤ ስታላግ 8 ቢ። አንዱ በ1942፣ ሌላው በ1944 መገባደጃ የተጻፈ ነው። ሁለቱን በአንድ መያዣ ውስጥ ልከት ስል የክፈፎቹ ስፋት የማይገጥም ሆኖ አገኘሁት፤ የመጀመሪያው 41 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው 36 ሚሊሜትር ነው፤ የፊደሎቹም አቀራረጽ ይለያያል። አንድ ካምፕ በሁለት ዓመት ውስጥ ማኅተሙን ሊለውጥ ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን የተለወጠው ማኅተሙ ብቻ አይደለም። በላምስዶርፍ የነበረው ስታላግ 8 ቢ በ1943 መጨረሻ ስታላግ 344 ተብሎ ስሙ ተለወጠ፤ 8 ቢ የሚለው ስም ደግሞ ቀድሞ ስታላግ 8 ዲ ይባል ለነበረው በቴሸን ለሚገኘው ካምፕ ተሰጠ። ስለዚህ በ1942 «8 ቢ» ማለት ላምስዶርፍ ነው፤ በ1944 መገባደጃ ግን ቴሸን ነው። ቀኑን ሳይመለከት ስሙን ብቻ የሚያነብ ሰው አንዱን ምርኮኛ ካልነበረበት ካምፕ ያስገባዋል። ከዛሬ ጀምሮ በዝርዝሬ ውስጥ የካምፕ ስም ያለ ቀን አይጻፍም።

8ኛ ቀን

በዚህ ሥራ እስካሁን የሠራሁትን ትልቁን ስሕተት ዛሬ አገኘሁ።

የአየር ኃይል ምርኮኞች የጻፏቸው አምስት ደብዳቤዎች አሉ፤ በአምስቱም ላይ የተመታው ማኅተም «ገፕሩፍት» ከሚለው ቃል ጋር የስታላግ ሉፍት 3 ስም የያዘ ነው። ስታላግ ሉፍት 3 በዛጋን ከተማ አጠገብ የነበረ፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ የሚገኝ ቦታ ነው፤ ከመጋቢት 24 ወደ 25 ቀን 1944 በነበረው ሌሊት 76 ምርኮኞች በቆፈሩት ዋሻ ያመለጡበትና ከተያዙት ውስጥ 50ዎቹ የተገደሉበት ካምፕ ነው። በዚህ ታሪክ ምክንያት ከዚያ ካምፕ የወጣ ደብዳቤ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሌሎቹ አብልጦ ይፈለጋል። በአራተኛው ቀን አምስቱንም ያለ ማመንታት «ከስታላግ ሉፍት 3» ብዬ መዝግቤአቸው ነበር።

ዛሬ ግን የላኪውን አድራሻ አንድ በአንድ ስገለብጥ ሁለቱ በምርኮኛው በገዛ እጁ «ስታላግ ሉፍት 6» ተብሎ ተጽፎባቸዋል፤ ይህ ካምፕ በሃይደክሩግ፣ በዛሬዋ ሊቱዌኒያ ውስጥ የነበረ ነው። ሦስተኛው «ስታላግ ሉፍት 1» ይላል፤ ይህም በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በባርት የነበረ ካምፕ ነው። በመጀመሪያ ምርኮኞቹ ከካምፕ ወደ ካምፕ የተዛወሩ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከሃይደክሩግ የተጻፈው አንዱ ደብዳቤና ከባርት የተጻፈው በአንድ ወር ውስጥ ያው የመርማሪ ቁጥር ተመቶባቸዋል፤ ሁለቱን ካምፖች የሚለያያቸው ርቀት ደግሞ ሰፊ ነው። መልሱ እንዲህ ነው፦ በጀርመን የተያዙ የእንግሊዝ፣ በኋላም የአሜሪካ አየር ኃይል ምርኮኞች ደብዳቤ በየካምፑ ሳይሆን በአንድ ማእከል፣ በዛጋን፣ ይመረመር ነበር። ማኅተሙ ደብዳቤው የተነበበበትን ቦታ እንጂ ምርኮኛው የተኛበትን ቦታ አይናገርም።

ሥራውን ሁሉ መልሶ እንድመረምር ያስገደደኝ ይህ ነው። የሳንሱር ማኅተም የአንባቢ ፊርማ ነው፤ የጸሐፊ አድራሻ አይደለም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ስለሚገናኙ አንዱን በሌላው መተካት ይቀላል፤ በማይገናኙበት ጊዜ ግን በታሪክ ላይ ሐሰት ይጨመራል፣ ያም ሐሰት በዋጋ ተተምኖ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። በዝርዝሬ ላይ «ካምፕ» የሚለውን አንድ ዓምድ ለሁለት ከፈልሁት፤ አንዱ «የተጻፈበት»፣ ሌላው «የተመረመረበት» ይላል። 26ቱንም ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ሞላሁ። በአዲሱ አመዘጋገብ ከስታላግ ሉፍት 3 የተጻፉት ሁለት ብቻ ሆኑ።

10ኛ ቀን

የእንግሊዝን ወገን ምልክቶች ጀመርሁ። ሁለት ዓይነት አሉ። የመጀመሪያው አናቱ ላይ ዘውድ፣ ከሥሩ «አልፏል» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከዚያም «ፒ.ደብሊዩ.» የሚሉ ፊደላትና ቁጥር ያለው ማኅተም ነው፤ ሁለቱ ፊደላት የጦር ምርኮኛ ለማለት ነው፤ በእጄ ባሉት ላይ ቀለሙ ቀይ ነው። ሁለተኛው የተከፈተውን የፖስታ ጠርዝ መልሶ የሚዘጋ ልጥፍ ወረቀት ሲሆን፣ «ፒ.ሲ. 90» የሚል የቅጽ ቁጥር፣ «በመርማሪ ተከፍቷል» የሚል ጽሑፍና የመርማሪው ቁጥር አለው። እነዚህን መለየት አያስቸግርም፤ የእንግሊዝ ሳንሱር ስለ ራሱ በግልጽ ይጽፋል።

የሚያስቸግረው ቅደም ተከተሉ ነው። መርሁ ቀላል ነው፤ ከካምፕ ወደ ቤተሰብ የሚሄድ ደብዳቤ መጀመሪያ በጀርመን ይመረመራል፣ ከዚያ በእንግሊዝ። ከቤተሰብ ወደ ካምፕ የሚሄደው ዘውዱን አስቀድሞ፣ «ገፕሩፍት»ን ተከትሎ ይይዛል። ማኅተሞቹ በተደራረቡበት ቦታ የትኛው ከላይ እንዳረፈ በዓይን በመመልከት ይህን ማረጋገጥ እችላለሁ ብዬ አስቤ ነበር። በ31ኛው ፖስታ ላይ ሐምራዊው «ገፕሩፍት» ከቀዩ ዘውድ በላይ ሆኖ ታየኝ፤ ይህም ከመርሁ ጋር ስለተስማማ ደስ ብሎኝ መዘገብሁት። በ33ኛው ላይ ግን፣ ከካምፕ የወጣ ደብዳቤ ሆኖ ሳለ፣ አሁንም ሐምራዊው ከላይ ሆኖ ታየ። ይህ የዓይን ስሕተት ነው፤ ሁለት ቀለሞች ሲደራረቡ ጠቆር ያለው በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢመታ ከላይ ያረፈ ይመስላል። ስለዚህ በ31ኛው ያገኘሁት «ማረጋገጫ» ማረጋገጫ አልነበረም፤ ከምዝገባው አወጣሁት። ቀለሞችን ብቻ በማየት ቅደም ተከተል አልወስንም። ልጥፍ ወረቀት ባለበት ግን ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ ማኅተሙ ከፖስታው ወደ ልጥፉ ተሻግሮ ከሆነ ከልጥፉ በኋላ ተመትቷል፣ ከልጥፉ ሥር ገብቶ ከቀረ ደግሞ ቀድሞ ነበር። ከሥር በሚበራ ጠረጴዛ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። በዚህ መንገድ የ7 ፖስታዎች ቅደም ተከተል ተረጋገጠ።

11ኛ ቀን

ለብቻው የነበረውን የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ካርድ ዛሬ ጨረስሁ። ከጀርመን ካምፕ የወጣ ሲሆን፣ በላዩ «ኤፍ. ኤ.» የሚሉ ሁለት ትልልቅ ፊደላት ተመትተውበታል። የካምፕ ምሕጻር መስለውኝ በካምፖች ስም ዝርዝር ውስጥ ረጅም ጊዜ ፈለግኋቸው። ምሕጻሩ ግን «ፍሪስት አብገላውፈን» ለሚለው ሐረግ ነው፤ «የተወሰነው ጊዜ አልፏል» ማለት ነው። በዚያ ጦርነት የጀርመን ሳንሱር የምርኮኞችን ደብዳቤ ለተወሰኑ ቀናት ያቆየው ነበር፤ ምናልባት ስውር ወሬ ቢይዝ እንኳ ሲደርስ እንዲያረጅ ነው። ማኅተሙ መቆያው ማለቁን ይናገራል። አንድ ሰው የተጻፈበትንና ፖስታ ቤት የደረሰበትን ቀን አነጻጽሮ «መጓጓዣው ዘገምተኛ ነበር» ብሎ እንዳይደመድም ይህ ማኅተም ይከለክለዋል፤ መዘግየቱ የታሰበበት ነበር።

13ኛ ቀን

ከጃፓን እጅ የወጡት ሁለት ካርዶች ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን ከማናቸውም በላይ ብዙ ጊዜ የሰጠኋቸው እነሱ ናቸው። ጽሑፉን ለማንበብ ሁለት የፊደላት ጥምረት አጠናሁ። አራት ፊደላት ያሉት ማኅተም «ፉርዮ ዩቢን» ይነበባል፤ «የምርኮኛ ፖስታ» ማለት ነው፤ ይህ እንደ ጀርመኑ «ክሪግስገፋንገነንፖስት» የአገልግሎት ምልክት ነው። ሦስት ፊደላት ያሉት «ኬንኤትሱ ዙሚ» ደግሞ «ሳንሱር ተፈጽሟል» ይላል፤ እውነተኛው የሳንሱር ምልክት ይህ ነው። ከእነሱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀይ ማኅተም ላይ ቁጥር የለም፤ ያለው የመርማሪው የቤተሰብ ስም ነው። በጀርመን መርማሪው ቁጥር ነበር፤ እዚህ ስም አለው። ስሙን በዝርዝሬ ላይ አላሰፍረውም፤ የማኅተሙን ቅርጽና ልክ ብቻ መዘገብሁ።

የካርዶቹ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አስቀድሞ የታተመ ነው፤ ጤንነቴ እንዲህ ነው፣ ለክፍያ እሠራለሁ ወይም አልሠራም የሚሉ መስመሮች አሉት፤ ምርኮኛው የሚመርጠው ከተሰጠው ቃል ውስጥ ነው። ጃፓን የ1929ኙን ስምምነት ፈርማ ነበር፤ ነገር ግን አላጸደቀችውም። ይህን እያሰብሁ በአንዱ ካርድ ግርጌ ምርኮኛው በጥቃቅን ፊደላት የጨመራቸውን የልጁን ስምና አንድ የሰላምታ ቃል አየሁ። መርማሪው አይቷቸዋል፤ ትንሿ ቀይ ማኅተም ከቃሉ አጠገብ ናት። አልሰረዛቸውም።

14ኛ ቀን

ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣች አንዲት የጣሊያናዊ ምርኮኛ ካርድ አለች። በ1941 በኢትዮጵያና በኤርትራ የጣሊያን ጦር ሲሸነፍ፣ ከከረን እስከ አምባ አላጌ፣ በኅዳር ወር ደግሞ እስከ ጎንደር ድረስ የተማረኩት ብዙዎቹ ወደ ኬንያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሕንድ ካምፖች ተወስደዋል። የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረው የአኦስታ መስፍን ራሱ በአምባ አላጌ እጁን ከሰጠ በኋላ መጋቢት 3 ቀን 1942 በናይሮቢ በምርኮ ሳለ ሞቷል። በእጄ ያለችው ካርድ ላኪዋ የካምፕ ቁጥር 354 ምርኮኛ ነው፤ ይህ ካምፕ በናንዩኪ፣ በኬንያ ተራራ ግርጌ የነበረ ሲሆን፣ በጥር 1943 ሦስት ጣሊያናውያን ተራራውን ለመውጣት ብለው ያመለጡበትና ወጥተው ሲመለሱ በራሳቸው ፈቃድ ወደ ካምፑ የገቡበት ነው።

ካርዷ ሁለት የሳንሱር ምልክቶች አሏት። አንዱ ቁጥር ያለው የእንግሊዝኛ «በሳንሱር አልፏል» ነው፤ ሌላው በጣሊያን ሲደርስ የተመታው «ቬሪፊካቶ ፐር ቼንሱራ» ነው፤ «ለሳንሱር ተረጋግጧል» ማለት ነው። የገዛ አገሩም የምርኮኛውን ቃል አንብባለች። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ቢመስልም በሁሉም ወገን የተለመደ ነበር፤ የያዘው ጦር የሚፈራው ምስጢር እንዳይወጣ ነው፣ የላከው መንግሥት ደግሞ የሚፈራው በቤት ያለው ሕዝብ ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። የጣሊያኑ ማኅተም በጣም ደብዝዟል፤ ካርዱን ቀለሞችን በሚለይ መንገድ ስካን አድርጌ ቀዩን ክፍል ብቻ ሳወጣ ሦስቱም ቃላት ተነበቡ።

15ኛ ቀን

አንዱን አስወጣሁ። ባዶ የጀርመን ካምፕ ካርድ ሲሆን፣ ጽሑፍም አድራሻም የለውም፤ ግን እጅግ ጥርት ያለ የካምፕ ሳንሱር ማኅተም አለው። ያልተጻፈ ካርድ ምኑ ይመረመራል? ጥያቄው ብቻውን አይበቃም፤ በአጉሊ መነጽር ስመለከተው ግን የማኅተሙ መስመር ከብዙ ቀለማት ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። ይህ የጎማ ማኅተም አሻራ አይደለም፤ በዘመናችን ማተሚያ የታተመ ነው። በጎማ የተመታ ማኅተም ጠርዙ ላይ ቀለሙ ይከማቻል፣ መሃሉ ይሳሳል፣ ወረቀቱንም በጥቂቱ ይጫነዋል። ካርዱ ራሱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ማኅተሙ ግን ሐሰተኛ ነው፤ በመያዣው ላይ እንዲሁ ጻፍሁ። ወደ ሳጥኑ አልመለስሁትም፤ ከእውነተኞቹ ጋር ከተቀላቀለ የሚቀጥለው ሰው የእነሱን መለኪያ በእሱ ሊያስተካክል ይችላል።

17ኛ ቀን

በሁለተኛው ቀን የለየኋቸው ምንም የሳንሱር ምልክት የሌላቸው 6ቱ ቀርተዋል። በአምስተኛው ቀን ያገኘኋቸውን የኬሚካል ጭረቶች ካየሁ በኋላ ሁለቱ ወደ ተመረመሩት ተዛውረዋል። ሦስቱ ከጦርነቱ በኋላ፣ ምርኮኞቹ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የተጻፉ ናቸው።

ስድስተኛው ከእንግሊዝ ወደ ጀርመን ካምፕ በ1944 መጨረሻ የተላከ ነው። በፊቱ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ማኅተም ተመትቶበታል፤ እንዲያውም በቁመቱ ምክንያት በመጀመሪያው ቀን የሳንሱር ምልክት መስሎኝ ነበር። ጽሑፉ በአማርኛ ሲነገር ይህ ደብዳቤ በጀርመን በተባባሪዎቹ ኃይሎች እጅ ከገባ ለተቀባዮቹ ያልደረሰ ፖስታ ውስጥ የተገኘ መሆኑን፣ በተጻፈበት አድራሻም ሊደርስ ስለማይችል ለላኪው መመለሱን ያስታውቃል። ይህ የሳንሱር ሳይሆን የፖስታ አገልግሎት ምልክት ነው፤ ስለዚህ ከስድስቱ ጋር መቀመጡ ትክክል ነበር።

ፖስታውን በተዘቀዘቀ ብርሃን፣ ከሥር በሚበራ ጠረጴዛ፣ በአልትራ ቫዮሌት መብራትም ተመለከትሁት። የእንግሊዝ ዘውድ የለም፤ ሁሉም ደብዳቤ ስለማይከፈት ይህ አያስገርምም። «ገፕሩፍት» የለም። የብሩሽ ጭረት የለም። የእርሳስ ምልክት የለም። በሌሎቹ ሁሉ ላይ የማልወደው የሌላ ሰው እጅ በዚህኛው ላይ እንዲኖር ስፈልግ ራሴን አገኘሁት፤ ማኅተሙ ቢኖር ኖሮ ደብዳቤው ቢያንስ እስከ ካምፑ የመርማሪ ጠረጴዛ ደርሷል ማለት ነበርና። የላኪዋ አጻጻፍ ደማቅና ቀጥ ያለ ነው፤ የካምፑን ቁጥር እንዳይሳሳት ሁለት ጊዜ አድምቃዋለች።

በዝርዝሩ «የተመረመረበት» በሚለው ዓምድ ሥር «አልተመረመረም፤ ካምፑ አልደረሰም» ብዬ ጻፍሁ፤ ፖስታውን በመያዣው ከትቼ 47ኛ ቁጥር ሰጠሁት።